የረግረጉ ሐቅ

 

አንድ የጅማ ወንድማችን ጠየቀኝ፦ «ቦዬ ረግረግ ጠርዝ ላይ በሐላል ገንዘቤ ያገኘሁት ቦታ አለ። አፈር አስደፍቼ ለልጆቼ ቤት ብሠራ ምን ጥፋት አለው?»

ቀላል ጥያቄ አይደለም። ከተማው እየሰፋ ነው፤ የቤት ኪራይም አይቀመስም። ልጆችን ማስጠለል ደግሞ አጅር አለው። ይህን ረስቶ ስለ ቦዬ ወፎች ብቻ የሚያወራ ሰው እኔን አያሳምነኝም።

ግን ረግረግ ባዶ መሬት አይደለም። ክረምት ላይ ጎርፉን ተቀብሎ ያሳርፋል፣ ደለሉን ያስቀራል፣ ውሃውን ቀስ እያለ ይለቃል። ቡና ስናፈላ የምንጎዘጉዘው ቄጠማ የሚበቅለውም እንዲህ ባለ ቦታ ነው። አፈር ስንደፋበት ውሃው አይጠፋም፤ ዝቅ ብሎ ወደሚኖረው ጎረቤት ቤት ይገባል። ያ ጎረቤት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከእኛ የባሰ ድሃ ነው። ከተማውን ሰንጥቆ የሚያልፈው አዌቱም መጨረሻው ግልገል ጊቤ ነው፤ ጅማ ላይ የጣልነው ጅማ ላይ አይቀርም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ውሃንና ግጦሽን የሰው ሁሉ የጋራ አድርገዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ያደርገዋል። ስለዚህ ገንዘቡ ሐላል መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ፈቃድ ያልተጠየቁ ሸሪኮች አሉ።

ይህንኑ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «አንተ እኮ የአባትህ ሰፊ ግቢ ውስጥ ተቀምጠህ ነው የምትመክረኝ» አለኝ።

እውነቱን ነው። ግቢያችን ሁለት ቤት ይጨምራል፤ ግማሹ ሣር ነው። ዛሬ ከሰላት በኋላ አባቴን ላናግረው አስቤያለሁ።