ከውጭ ሆኖ የውስጡን መመርመር

በሰው ውስጥ የሚመላለሰውን ከውጭ ባለው ምልክት ብቻ ማወቅ ይቻላልን የሚለው ጥያቄ፣ ቀድሞ የአበውና የፈላስፎች ሆኖ ሳለ፣ ዴቪድ ኮኸን የተባለው የፊዚክስ ሊቅ የአንጎልን የማግኔት ኃይል በ1968 እ.ኤ.አ. ከራስ ቅል ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ከለካ ወዲህ በሐኪም ቤትም የሚነሣ ሆኗል። በፈሳሽ ሂሊየም ከዜሮ በታች እስከ 269 ዲግሪ የሚቀዘቅዘው መሣሪያ፣ ከምድር ማግኔት ከአሥር ሚሊዮን እጅ በላይ የሚደክመውን ይህን ኃይል ይለካል፤ ሐኪሙ የሚሻው ግን ኃይሉን ያስገኘውን የኤሌክትሪክ ፍሰት ነውና፣ ከውጤቱ ተነሥቶ ወደ ምክንያቱ መመለስ ግድ ይሆንበታል።

በዚህ መንገድ ላይ ጀርመናዊው ሊቅ ሄልምሆልትዝ በ1853 እ.ኤ.አ. የገለጠው እውነት ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ይኸውም እጅግ የተለያዩ የውስጥ ፍሰቶች በውጭ አንድ ዓይነት ምልክት ሊሰጡ ስለሚችሉ፣ ምልክቱ ብቻውን ምንጩን አይወስንም። ራስን እንደ ፍጹም ሉል ብንቆጥረው ደግሞ፣ ከማእከሉ ወደ ውጭ ቀጥ ብሎ የቆመው ምንጭ አንዳች የማግኔት ምልክት ወደ ውጭ አያወጣም። መሣሪያው እጅግ ቢረቅም ይህ አይለወጥም። ስለዚህ መርማሪው ከራሱ ግምት ይጨምራል፤ አንዱ ምንጩን ባንዲት ነጥብ ይወስናል፣ ሌላው ከሚስማሙት ፍሰቶች ሁሉ ታናሹን ይመርጣል፤ ከዚህ በሚወጣው ሥዕል ላይ ደምቆ የሚታየውም የሕመምተኛው አንጎልና የመርማሪው ግምት ባንድነት ነው።

የማግኔት ምልክት ወደ ውጭ የማያወጣውን ያን ዝምተኛ ፍሰት የነፍስ ማስረጃ ለማድረግ የሚፈልግ ቢኖር አልከተለውም፤ በራስ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ኤሌክትሮድ ሊያገኘው ይችላልና። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ በባልንጀራችን ላይ የምንሰጠው ፍርድ ነው። ያው አንድ ጾም ከፍቅረ እግዚአብሔርም ከውዳሴ ከንቱም ሊመነጭ ይችላል፤ የጾመኛውን ገጽ አጥርቶ ማየትም ሁለቱን አይለይም። የአንጎል መርማሪ የጨመረውን ግምት ከሥዕሉ ጋር ይጽፋል፤ እኛ ግን የጨመርነውን ሳንናገር «እገሌ ግብዝ ነው» እንላለን።

የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው የሚቀድ ሐኪም ሥዕሉን ብቻ አምኖ ቢላዋ አያነሣም፤ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ኤሌክትሮዱን በአንጎሉ ላይ አኑሮ ያረጋግጣል። ጠንቃቃ የንስሐ አባትም ሥራውን ከውጭ አይቶ ብቻ ቀኖና አይሰጥም፤ አስቀድሞ ይጠይቃል፣ ሰውየው ራሱ እስኪናገርም ድረስ ይታገሣል።