ታቦት የሌለበት ቤት ክብር

በሞላሌም ሆነ በቀረው የመንዝ ሀገር፥ ባናውን ለብሶ በማለዳ ለጉዳይ ወደ ከተማ የሚወጣ ሰው፥ ከመንገዱ ዳር ያለውን ቤተ ክርስቲያን ደጁን ሳይሳለም አያልፍም። ጥቂት ዘልቆ ከማዘጋጃ ቤቱ ሲደርስ ግን መቃኑን አይስምም፥ ጫማውንም አያወልቅም፤ ተራውን ጠብቆ ጉዳዩን ያመለክታል እንጂ። እንግዲህ የሕዝብ ጉዳይ የሚፈጸምበት ይህ ቤት፥ ታቦት ስላልገባበት ብቻ ከክብር የተራቆተ ነውን? ወይስ ለእርሱም በመጠኑ የተሰጠው ክብር አለ?

ለጥያቄው መልስ የምትሰጠን አስቀድማ ራሷ ቤተ ክርስቲያን ናት። በከተራ ዕለት ታቦቱ ከመንበሩ ተነሥቶ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ በወረደ ጊዜ፥ ትናንት ተራ ሸራ የነበረው ድንኳን ለዚያች ሌሊት መቅደስ ይሆናል፤ ካህናቱ ማኅሌት ይቆሙበታል፥ ቅዳሴ ይቀደስበታል። ክብር ከኀዳሪው ወደ ማኅደሩ ይፈሳል ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚለው ስምም ሕንፃውን ብቻ ሳይሆን የምእመናኑን ማኅበር ጭምር የሚጠራ መሆኑ፥ አባቶች ግድግዳውን ከጉባኤው ለይተው እንዳላዩት ያስረዳል። እንግዲያስ ስለ ማዘጋጃ ቤት ስንጠይቅ፥ በውስጡ የሚያድረው ማን ነው ብለን መጠየቅ ይገባናል።

የመንዝ ሰዎች ለዚህ መልስ የሰጡት የከተማ አዳራሽ ከመሥራታቸው አስቀድመው ነው። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን የጓሳን ደጋ፥ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በተባለ ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል፤ በየአጥቢያቸው ተመድበው፥ የመረጡትን አለቃ ታዝዘው፥ ሣሩ እንዲያገግም ለተከታታይ ዓመታት ይዘጉት ነበር፤ ጊዜው ሲደርስ ከፍተው ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆናቸውን ያጭዱ፥ ከብቶቻቸውንም ያሰማሩ ነበር። የዚያ ሥርዓት ሽማግሎች የተማከሩበት ቤት በዓምድና በሰዓት ግንብ የታወቀ አልነበረም፤ ምክራቸው ግን የሀገሬውን ጎጆ ሁሉ ይከድን ነበር፥ ለቀይ ቀበሮውና ለጭላዳውም ማደሪያ ተርፏል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ያ ሥርዓት ፈረሰ፥ ሣሩም ተጎዳ፤ ኋላ ግን ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቋቋመው። ሕንፃ ያልነበረው ሸንጎ ከፈረሰ በኋላ መልሶ የተነሣው፥ ኀዳሪው በሰዎች ልቡና ስላደረ ነው እላለሁ።

በመንዝ ጎረቤት በመርሐቤቴ፥ በ1870 ዓ.ም. የተወለዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፥ በቤተ ክህነት ትምህርት አድገው ከብዙ ሹመታቸው መካከል የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት መርተዋል። ለመቅደስ አገልግሎት የሚያበቃ ትምህርት የቀሰመ ሊቅ የከተማ ሥራን መቀበሉ፥ ሁለቱ ቤቶች ባዕዳን እንዳልሆኑ ምስክር ነው። ማዘጋጃ ቤት የሚለውም ስም እንዲያው የወጣ አይመስለኝም፤ ማዘጋጀት ለሚመጣው ሰው ስፍራ ማሰናዳት ነውና። ከነጻነት በኋላም የአዲስ አበባው ማዘጋጃ ቤት ግብር ከመቀበልና ካርታ ከመስጠት አልፎ ቴአትርና ሙዚቃ አሰናድቷል፤ ሙዚቀኛው ነርሲስ ናልባንዲያን የማዘጋጃ ቤቱን የሙዚቃ ጓድ ያሠለጠኑት፥ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ከመከፈቱ በፊት ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽም፥ የአፍሪካን አዳራሽ በነደፈው በአርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ፥ በቸርችል ጎዳና ራስ፥ ወደ ለገሃር ቁልቁል የሚመለከተው ታላቁ ሕንፃ ከነቴአትር አዳራሹ ቆመ። ከባቡር የወረደ የሩቅ ሀገር ሰው ዓይኑን ወደ ላይ ሲያቀና የሚያየው የሰዓት ግንቡን ነበር፤ የሞላሌን ትንሽ ጽሕፈት ቤትና ይህን ግንብ ያዛመዳቸው ግን ቁመት ሳይሆን አንድ ስምና አንድ ግዴታ ነው።

እንግዲህ በዚህ ቤት ሊያድር የሚገባው ኀዳሪ ፍትሕ ነው፤ ከፍትሕም ጋር ምክር፥ ከምክርም ጋር ለደካማው መራራት። እነዚህ ከሌሉ እብነ በረዱ ቢያበራ፥ መስተዋቱ ቢያንጸባርቅ፥ ቤቱ በውጭ የተለሰነ መቃብር ይሆናል፤ እነዚህ ካሉ ግን የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያለው ቢሮም ከክብር አይጎድልም። ስለዚህ አሮጌ ማዘጋጃ ቤቶቻችንን በቅርስነት ስንጠብቅ፥ ቀለማቸውን እንደምናድስ ሁሉ የተሠሩበትንም ምክንያት ልናድስ ይገባናል፤ ድንኳኑን ሰፍቶ ታቦቱን መርሳት እንዳይሆንብን።

ያ በማለዳ የተነሣው የመንዝ ሰው፥ የመሬቱን ነገር በትዕግሥት የሚሰማው፥ ያለ መማለጃ የሚጽፍለት፥ ነገ ተመለስ የማይለው ሹም አግኝቶ ወደ ሀገሩ ሲመለስ፥ ከደጃፉ ቆሞ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። መቃኑን አልሳመም፤ ነገር ግን በዚያ ደጃፍ የእግዚአብሔር ስም በምስጋና ተጠርቷል፥ ታቦት ለሌለበት ቤትም የተሰጠው ክብር ይኸው ነው።