ወጣቶችን ወደ ተራራ ስለ ማውጣት

በእንግሊዝ አገር ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ምእመናን አንዱ ባለፈው ዓመት ደብዳቤ ጽፎልን ነበር። ዐሥራ አምስት ዓመት የሆናት ሴት ልጅ አለችው። ልጅቱ በትምህርቷ የተመሰገነች ስትሆን፥ በሰው ፊት ለመናገር እጅግ የምታፍር፥ ስሕተት እንዳይገኝባት በመፍራት የምታውቀውን እንኳ የማትመልስ ናት። ትምህርት ቤቷ «የኤዲንብራ መስፍን ሽልማት» በሚባለው ሥልጠና እንድትገባ፥ ከጓደኞቿም ጋር ዕቃዋን በጀርባዋ ተሸክማ ሁለት ቀን በኮረብታ መንገድ እንድትጓዝና አንድ ሌሊት በድንኳን እንድታድር የአባቷን ፈቃድ ጠየቀ። አባትየውን ሁለት ነገር አስጨነቀው። አንደኛው የወላጅ ሁሉ ጭንቀት ነው፤ ብርዱን፥ ጨለማውን፥ ገደሉን ፈራ። ሁለተኛው ግን ከትምህርተ ሃይማኖት የመጣ ነው። በተላከለት ወረቀት ላይ ጉዞው በራስ መተማመንን እንደሚያስተምር ተጽፎ ስላነበበ፥ «አባቴ፥ በእግዚአብሔር ታመኚ ብዬ ያሳደግኋትን ልጅ በራስሽ ታመኚ ለሚሏት ሰዎች እንዴት እሰጣለሁ?» ሲል ጠየቀን።

ለእርሱ የመለስንለትን ለሌሎችም ወላጆች ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን ጥቂት አስፍተን እዚህ እንጽፈዋለን።

በመጀመሪያ ይህ ሥልጠና ከወዴት እንደ መጣ ማወቅ ያስፈልጋል። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።) ኩርት ሃን በ1886 ዓ.ም. በበርሊን ከአይሁድ ወገን የተወለዱ መምህር ነበሩ። በደቡብ ጀርመን በሳሌም የነበረውን ትምህርት ቤት ሲመሩ የሂትለርን ሥራ በግልጥ ስለ ተቃወሙ በ1933 ታሰሩ፤ ከተፈቱም በኋላ ወደ ብሪታንያ ተሰደው በሚከተለው ዓመት በስኮትላንድ ጎርደንስተን የተባለውን ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በኋላ የኤዲንብራ መስፍን የተባሉት ልዑል ፊሊፕ በዚያ ከተማሩት አንዱ ናቸው፤ በነገራችን ላይ እኒህ ልዑል በሕፃንነታቸው በግሪክ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የተጠመቁ ነበሩ። በስማቸው የሚጠራውንም ሽልማት በ1956 የመሠረቱት ከመምህራቸው በተቀበሉት አሳብ ነው። በ1941 ደግሞ፥ ጦርነቱ በተፋፋመበት ጊዜ፥ ሃን ሎረንስ ሆልት ከሚባሉ የመርከብ ድርጅት ባለቤት ጋር ሆነው በዌልስ ባሕር ዳር በአበርዶቪ 26 ቀን የሚቈይ ሥልጠና ከፈቱ። ምክንያቱ እንደሚነገረው፥ የንግድ መርከቦች በጠላት ሲሰጥሙ በነፍስ አድን ጀልባ ላይ ጐልማሶቹ መርከበኞች ሲተርፉ በጉልበት የሚበልጧቸው ወጣቶች ቶሎ ተስፋ ቈርጠው ይሞቱ ስለ ነበር ነው። ሥልጠናው ጡንቻን ከማጠንከር ይልቅ ልብን ማጽናት ያሰበው ስለዚህ ነው። በጎርደንስተንም ተማሪዎቹ በባሕር ዳር ዘብ ቆመው በአደጋ ላይ ያለ መርከብ እንዳይታለፍ ይጠብቁ ነበር፤ ወጣት ለሌላው ሰው ሕይወት ኀላፊነት ሲሰጠው ራሱን ያገኛል የሚለው አሳብ የትምህርታቸው ሁሉ መሠረት ነበረ።

አሁን ወደ አባትየው ጥያቄ እንመለስ። በአማርኛ «መተማመን» በምንለው በአንዱ ቃል ውስጥ የተለያዩ ነገሮች ተሰውረዋል። በግእዝ ትምክሕት የሚባል አለ፤ ጥብዓት የሚባልም አለ። ትምክሕት ሰው ያልተፈተነበትን ነገር እችላለሁ ሲል ነው፤ ጥብዓት ግን ከፈተና በኋላ የሚገኝ የልብ ጽናት ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ በዚያች ሌሊት ሁሉም ቢክዱ እርሱ እንደማይክድ ሲናገር ፍቅሩ እውነተኛ ነበረ፤ ነገር ግን ዐቅሙን አያውቅም ነበርና ዶሮ ሳይጮኽ በአንዲት ገረድ ፊት ወደቀ። ዳዊት ደግሞ ገና ብላቴና ሳለ በሳኦል ፊት ቆሞ ከጎልያድ ጋር እዋጋለሁ ሲል የጠቀሰው ምስክር የበጎቹን መስክ ነው፤ አንበሳውንና ድቡን፥ ከአፋቸው ያስጣለውንም በግ አነሣ። ያዳነውም እግዚአብሔር እንደ ሆነ በዚያው ቃል መሰከረ። እዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባን፥ ዳዊት በእግዚአብሔር መታመኑ እጁ የለመደውን እንዲንቅ አላደረገውም። የሳኦልን ጥሩር ለብሶ ሊራመድ ቢሞክር አልተለማመደውም ነበርና አወለቀው፤ ወንጭፉን ግን ያውቀዋል። መጽሐፍ በገዛ ልቡ የሚታመነውን ሲነቅፍ የሚነቅፈው ጴጥሮስ በዚያች ሌሊት የነበረውን ዐይነት ነው፤ የዳዊትን ዐይነት አይነቅፍም። ስለዚህ ልጅቱ ከተራራው ስትመለስ እግዚአብሔር የሰጠኝን ጉልበትና ልብ ዛሬ ዐወቅሁት ብትል፥ ስጦታውን ማወቅ ሰጪውን መካድ አይደለም።

ደግሞም በዚህ ጉዞ በራስ ብቻ መታመን አይቻልም። ቡድኑ ከአራት እስከ ሰባት ልጆች ያሉበት ነው፤ ድንኳኑን ከፋፍለው ይሸከማሉ፤ አንዷ ሸራውን፥ ሌላዋ ምሰሶውን ትይዛለች። ምሰሶ የያዘችው ብትቀር ሸራ የያዘችው ዝናብ ሲመታት ታድራለች።

እኛም ይህን ነገር ከሩቅ ሰምተን ብቻ አንናገርም። በዐሥራ ሁለት ዓመታችን ደበሎ ለብሰን፥ አኩፋዳ አንግተን፥ ለውሻ መከላከያ በትር ይዘን ከአባታችን ቤት ወጣን። የመጀመሪያው ቀን አይረሳንም። ከአንድ ደጅ ቆመን «በእንተ ስማ ለማርያም» ልንል ስንሻ ድምፃችን አልወጣም፤ ውሻው ጮኸብን፥ እንባችን መጣ። ከእኛ በዕድሜ የሚበልጥ ተማሪ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያይ ነበር። አልሳቀብንም፤ ስለ እኛም አልለመነም። ወደ ሁለተኛው ቤት ወሰደን፥ አሁንም ዝም አልን፤ በሦስተኛው ቤት ድምፃችን ወጣ። ያን ዕለት ያገኘናት ቍራሽ እንጀራ ከጕባኤው ቤት ገብታ ከሌሎቹ ጋር ተደባለቀችና ታሞ የተኛ ባልንጀራችን በላት። በኋላ በብዙ ሕዝብ ፊት ቅኔ ስንቀኝ ጕልበታችን ያልተንቀጠቀጠው ከዚያ ደጅ የተነሣ ይመስለናል። ያ ተማሪ ከአጥሩ ውጭ ባይቆም ኖሮ ግን በማግስቱ ወደ እናታችን ቤት በሸሸን ነበር።

ይሁን እንጂ የዚያን ዘመን መከራ ሁሉ ልናስጌጠው አንፈልግም። ከእኛ ጋር ከነበሩት ልጆች ሁለቱ በተስቦ ሞተዋል፤ መድኀኒት የሚገኝበት ስፍራ የአንድ ቀን መንገድ ነበረ፥ የወሰዳቸውም የለም። ይህን ማሠልጠን ብለን አንጠራውም።

የአባትየው የመጀመሪያ ፍርሀት እውነተኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በመጋቢት ወር 1993 በደቡብ እንግሊዝ ስምንት ተማሪዎች ከአንድ መምህራቸውና ከሁለት አሠልጣኞች ጋር በትናንሽ ታንኳዎች ወደ ላይም የባሕር ወሽመጥ ወጡ፤ ነፋስ ወደ ጥልቁ ገፋቸው፥ ከተማሪዎቹም አራቱ ሞቱ። አሠልጣኞቹ ልምድ የሌላቸው ነበሩ፤ የአደጋ ምልክት የሚሰጡበትም መብራት አልያዙም ነበር። ከሁሉ የሚያሳዝነው ከጥቂት ወራት በፊት በዚያ ሠርተው የነበሩ አሠልጣኞች አደጋ እንደሚመጣ ለድርጅቱ ሹም በደብዳቤ አስጠንቅቀው መሆናቸው ነው። ሹሙ ተከሶ ታሰረ፤ በ1995ም እንዲህ ያሉት ድርጅቶች ተመርምረው ፈቃድ እንዲይዙ የሚያዝ ሕግ ወጣ። ጌታችን ከቤተ መቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር ዲያብሎስ በጠየቀው ጊዜ እንቢ ያለው መላእክት ስለማይጠብቁት አይደለም፤ የእግዚአብሔር ጥበቃ ለመፈተኛ የሚቀርብ ስላይደለ ነው እንጂ። የሌላውን ሰው ልጅ ያለ ዝግጅት ወደ ባሕር ያወጣ ሰው በራሱ ነፍስ ሳይሆን በልጁ ነፍስ እግዚአብሔርን ተፈታትኗል፤ ይህም ከድፍረት ኀጢአት ሁሉ የከፋ ይመስለናል።

በአንጻሩ ልጁን ከማናቸውም ነገር ሰውሮ የሚያሳድግ አባትም አለ፤ እርሱም መክሊቱን በመሬት የቀበረውን ባሪያ ይመስላል። ፍርሀቱን ፍቅር ብሎ ይጠራዋል። ዛሬ በከተማ ይህ በዝቷል።

ስለዚህ ለወዳጃችን ልጅህን ስደዳት፥ ነገር ግን አስቀድመህ ጠይቅ ብለን ጻፍንለት። ሥልጠናው በሥርዐቱ መሠረት ልጆቹ አስቀድመው የልምምድ ጉዞ እንዲያደርጉ፥ ካርታና ኮምፓስ ማንበብንና ለቈሰለ ሰው መርዳትን እንዲማሩ ያዝዛል፤ ይህ ተፈጽሞ እንደ ሆነ ጠይቅ። ከሩቅ ሆኖ የሚከታተላቸው ማን ነው? አየሩ ቢከፋ ጉዞውን አቋርጡ ለማለት ሥልጣን ያለው ማን ነው? አቋርጠው የተመለሱት ልጆችስ ይዘለፋሉን? ለዚህ የመጨረሻው ጥያቄ የሚሰጥህን መልስ በጥንቃቄ ስማ፤ መመለስን ውርደት ከሚያደርግ መምህር ጋር ልጅህን አትላክ። ስትመለስም በቤትህ እውነተኛ ሥራ ስጣት፤ የታናሽ ወንድሟን ትምህርት ወይም የአያቷን መድኀኒት በእርሷ እጅ አድርግ፥ አንተም ከአጥሩ ውጭ ቁም አልነው።

አባትየው በወረቀቱ ላይ ከመፈረሙ በፊት ከመምህሪቱ ጋር ሁለት ጊዜ ተገናኝቷል። ልጅቱ በግንቦት ወር ሄደች። ከዚያ በኋላ በደረሰን ደብዳቤ፥ ዝናብ እንደ ዘነበባቸው፥ አንድ ጊዜም መንገድ ስተው በእርሷ ካርታ እንደ ተመለሱ ጽፎልናል። እርሱ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ መዝሙረ ዳዊት ሲደግም አደረ፤ እርሷ ግን ከዐይኗ እንቅልፍ ሳይጐድል እንዳነጋች ነገረችው።