መስማትና መጠየቅ፦ ስለ ክርስቲያናዊ ጥንታዊ ትምህርት



ወንጌላዊው ሉቃስ ስለ ጌታችን የልጅነት ዘመን የጻፈልን ጥቂት ነው። ከዚያ ጥቂት አንዱ ግን ለአስተማሪ ሁሉ ታላቅ መመሪያ ይሆናል። ወላጆቹ ሲፈልጉት ከቆዩ በኋላ የ12 ዓመቱ ኢየሱስ በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የተገኘው በመምህራን መካከል ተቀምጦ የሚያዳምጥ፣ እያዳመጠም የሚጠይቅ ሆኖ ነው (ሉቃ. 2፡46)። ጥበብ ሁሉ የእርሱ የሆነ ጌታ ከማስተማሩ አስቀድሞ ማዳመጥን መረጠ። የተቀመጠበትም ስፍራ የትምህርትና የጸሎት ስፍራ ሳይለያዩ በአንድነት የሚገኙበት የአባቱ ቤት ነበር።

ይህን ዛሬ ማስታወስ ለምን አስፈለገን? በየቁምስናችን ልጆች ጸሎተ ሃይማኖትን፣ ዐሠርቱን ትእዛዛትና ሰባቱን ምሥጢራት በቃላቸው ይማራሉ። ይህ መልካም ነው፤ ሊቀርም አይገባውም። ዳሩ ግን ልጁ አድጎ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ወይም ለሥራ ወደ ባዕድ አገር ሲሻገር፣ «እግዚአብሔር መኖሩን በምን ታውቃለህ? መልካም ከሆነስ ይህ ሁሉ ክፋት ለምን ሆነ?» የሚለው ሰው ያጋጥመዋል። ይህንኑ ጥያቄ ቀድሞ በቁምስናው አንሥቶ «እንዲህ ያለውን አትጠይቅ» ተብሎ ከነበረ፣ ቤተ ክርስቲያን መልስ የላትም ብሎ ይደመድማል። እንዲህ ያለው ወጣት ከእኛ የሚርቀው ተጣልቶን አይደለም፤ ዝም ብሎ ነው። አንድ እሑድ ይቀራል፤ ሁለተኛውንም ይደግማል፤ ከዚያም አናየውም።

እንግዲህ ለዚህ ችግር በሌላ አገር የተሰጠውን አንድ መልስ እንመልከት። በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት፣ ሳንታ ፓውላ በምትባል ከተማ አጠገብ በቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ስም የሚጠራ አንድ ትንሽ የካቶሊክ ኮሌጅ አለ። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን፣ በ2019 በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት ሁለተኛ ቅጥር አግኝቷል። በካሊፎርኒያ የሚማሩት ተማሪዎች 400 ገደማ ብቻ ናቸው። በዚህ ኮሌጅ አንዱ ሕግ ሌላው ንግድ እየመረጠ አይማርም፤ ሁሉም ለአራት ዓመት አንድ ዓይነት ትምህርት ይከታተላሉ። ይኸውም ትምህርተ መለኮት፣ ፍልስፍና፣ የሒሳብና የተፈጥሮ ሳይንስ፣ የላቲን ቋንቋና ሙዚቃ ነው። ስለ ታላላቅ መጻሕፍት የተጻፈ የመማሪያ መጽሐፍ በመያዝ ፈንታ መጻሕፍቱን ራሳቸውን ያነባሉ። በመጀመሪያው ዓመት መጽሐፍ ቅዱስን፣ በሁለተኛው ቅዱስ አጎስጢኖስንና ሌሎች አበውን፣ በቀሩት ሁለት ዓመታት የቅዱስ ቶማስን ትምህርተ መለኮት ያጠናሉ።

አስተማሪው በመድረክ ቆሞ ረጅም ንግግር አያደርግም። ተማሪዎቹ በቁጥር ጥቂት ሆነው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ አስተማሪው ጥያቄ ያነሣል፤ ከዚያ በኋላ የተነበበውን ቃል መርምሮ ሐሳቡን ማስረዳት የተማሪው ድርሻ ነው። በሒሳብ ትምህርትም ተማሪው የግሪካዊውን የዩክሊድን መጽሐፍ አንብቦ ወደ ሰሌዳ ይወጣና ማረጋገጫውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በባልንጀሮቹ ፊት ያሳያል። አንዱን ደረጃ ቢዘል ባልንጀራው ያስቆመዋል። በዚህም «መጽሐፉ ብሏልና» ከማለት አልፎ «እንዲህ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው» ማለትን ይለምዳል። በዚያው ቅጥር ውስጥ ዕለት ዕለት መሥዋዕተ ቅዳሴ ይቀርባል።

ይህ አሠራር አዲስ ፈጠራ አይደለም። ጥንታውያን የነጻ ሰው ትምህርት ብለው የጠሩት ሰባት ጥበባትን ነበር። ሦስቱ የቃል ናቸው፦ ሰዋስው፣ ሥነ አመክንዮና የንግግር ጥበብ። አራቱ የቁጥርና የመጠን ናቸው፦ ሥነ ቁጥር፣ ጂኦሜትሪ፣ ሙዚቃና ሥነ ፈለክ። እነዚህ ከአረማውያን እጅ የተገኙ በመሆናቸው ክርስቲያን ሊማራቸው ይገባልን? የሚለው ጥያቄ በቀደሙት አበው ዘመን ተነሥቶ ነበር። ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ዓመት ለወጣቶች ሲጽፍ፣ ንብ ከአበባ ሁሉ የሚጠቅማትን ብቻ ወስዳ የቀረውን እንደምትተው እነርሱም በግሪኮች መጻሕፍት እንዲሁ እንዲያደርጉ መከራቸው። ቅዱስ አጎስጢኖስም እስራኤል ከግብፅ ሲወጡ የያዙትን ወርቅ ምሳሌ አድርጎ፣ እውነት በማንም ዘንድ ብትገኝ የጌታ ናትና ለጌታ አገልግሎት ትዋል ብሎ አስተማረ። በ362 ዓ.ም. ክርስትናን የካደው ንጉሥ ዩልያኖስ ክርስቲያኖች እነዚህን መጻሕፍት እንዳያስተምሩ በከለከለ ጊዜ፣ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘናዝያንዙ አጥብቆ ተቃወመው። ከትምህርት መባረር ለእምነት ጉዳት መሆኑን የቤተ ክርስቲያን ወዳጅም ጠላትም ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ለእናንተ ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የሚጠቅመው የቅዱስ ቶማስ ሥርዓት ነው። ቅዱሱ በታላቁ መጽሐፉ እያንዳንዱን ጉዳይ የሚጀምረው ከተቃዋሚው ሐሳብ ነው። እግዚአብሔር አለን? ብሎ በጠየቀበት ስፍራ አስቀድሞ ያቀረበው የለም የሚለውን ወገን ክርክር ነው፤ አንደኛው በዓለም ክፋት መኖሩ፣ ሁለተኛው ፍጥረት ያለ ፈጣሪ በራሱ ሊገለጥ ይችላል የሚለው ነው። እነዚህ ሁለቱ ዛሬም ወጣቶቻችን የሚሰሟቸው ናቸው። ቅዱሱ ክርክሩን አላጣመመውም፤ ተናጋሪውንም አልሰደበም። የራሱን መልስ የሰጠው የሌላውን ቃል በሚገባ ከተናገረለት በኋላ ነው። ይህም የእውቀት ብልሃት ብቻ አይደለም፤ ፍቅረ ቢጽም ነው። ጠያቂውን የማያዳምጥ ሰው ለጠያቂው ሊመልስለት አይችልም።

እዚህ ላይ ከወላጆች የሚቀርብ እውነተኛ ተቃውሞ አለ። «ልጃችንን የምናስተምረው ተቸግረን ነው፤ የጥንት መጻሕፍት ማንበብ እንጀራ ይሆነዋልን?» ይላሉ። ይህን ቃል አንንቀውም። ጌታችን በጠራቢ ቤት አደገ፤ ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን እየሰፋ ኖረ። ለሥራ የሚያበቃ ትምህርት የተባረከ ነው። ነገር ግን ሠራተኛ የሚሆነው ልጅ አስቀድሞ ሰው ነው። ሐኪም ቢሆን ሕመምተኛው በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረ መሆኑን፣ ዳኛ ቢሆን ፍትሕ ከጉቦ እንደምትበልጥ የሚያስተምረው ሙያው ብቻውን አይደለም። ከላይ ከጠቀስነው ኮሌጅ የወጡትም ከፊሎቹ ካህናትና መነኮሳት፣ ከፊሎቹ ሐኪሞች፣ የሕግ ባለሙያዎችና አስተማሪዎች ሆነዋል። በእርግጥ ወደዚያ ሊሄድ የሚችለው እጅግ ጥቂት ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያን ከሁላችን የምትሻው ግን የዚያን ኮሌጅ ደጅ መርገጥ አይደለም፤ እምነትና አእምሮ እንዳይለያዩ መጠበቅን ነው። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1998 ስለዚህ ጉዳይ በጻፉት መልእክት እምነትና አእምሮ አንዱ ያለ ሌላው ሰውን ወደ እውነት ሙላት እንደማያደርሱት አስተምረዋል።

ሌላም አደጋ አለ፤ እርሱም ትዕቢት ነው። መጻሕፍትን ያነበበ ሰው ያላነበበችውን ባልቴት መናቅ ከጀመረ ትምህርቱ ፍሬ አላፈራም። መቁጠሪያዋን ይዛ በትሕትና የምትጸልይ እናት ብዙ ሊቃውንት ያልደረሱበትን ታውቃለች። ቅዱስ ቶማስም በታኅሣሥ 1273 ዓ.ም. በቅዳሴ ላይ ሳለ ከደረሰው ነገር በኋላ መጻፉን ተወ፤ ካየው ጋር ሲያስተያየው የጻፈው ሁሉ ከቁም ነገር የማይገባ መሰለው። በማግሥቱ ዓመት በመጋቢት ወር ዐረፈ፤ ታላቁ መጽሐፉም ሳይፈጸም ቀረ። ትምህርት በመንበረ ታቦቱ ፊት ካልተንበረከከ የተማረበትን ዓላማ ስቷል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ሁሉ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከንባብ ቤት ተነሥቶ በዜማና በቅኔ ቤት አልፎ ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ይደርሳል። በቅኔ ቤት ተማሪው የሌላውን ቅኔ ተቀብሎ ብቻ አያድርም፤ በግእዝ የራሱን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። በትርጓሜ ቤትም ሊቃውንቱ «አንድም» እያሉ በአንድ ቃል ላይ ብዙ ምሥጢር ይፈትሻሉ። ማዳመጥና መመርመር የአባቶቻችንም መንገድ ነው።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፤ ሦስት ነገር እናሳስባችኋለን። አንደኛ፣ ስለ ወንጌል ከመናገራችሁ በፊት ወንጌሉ ራሱ በልጆቹ ፊት ተከፍቶ ይነበብ። ሁለተኛ፣ ልጁ በቃሉ ያጠናውን በራሱ አነጋገር እንዲያስረዳ ጠይቁት፤ ያን ጊዜ የገባውንና ያልገባውን ታያላችሁ። ሦስተኛ፣ ከየትምህርቱ ሰዓት ጥቂቱን ለጥያቄ ለዩ። መልሱ በእጃችሁ የሌለ ጥያቄ ሲመጣ ጠያቂውን አትገሥጹት፤ ጽፋችሁ ያዙና ከቆሞሳችሁ ጋር መክራችሁ በሚቀጥለው ሳምንት መልሱለት። ወላጆችም በበኩላችሁ፣ ልጃችሁ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ምን እንደተማረ ብቻ ሳይሆን ምን እንደጠየቀም ጠይቁት።

በመምህራን መካከል የተቀመጠው ሕፃን፣ ዛሬ በየክፍላችን ባሉት ሕፃናት መካከል ይቀመጥ። የነገሩን ሁሉ በልቧ ትጠብቅ የነበረች እናቱ ቅድስት ድንግል ማርያም ለሚያስተምሩትና ለሚማሩት ታማልድ። አሜን።