ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፦ ደራሲና የጽሑፍ ውድድር

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የምትለው ተረት ብዙ ጊዜ የምትነገረው ሰው በያዘው ነገር ሲመካ ነው። ባለሥልጣን ዘመድ ያለው፣ ስመ ጥር ትምህርት ቤት የገባ፣ ወይም ጥሩ መሣሪያ የታጠቀ ሰው ነገሩ ያለቀለት ሲመስለው ሽማግሌ ይህችን ጣል ያደርግበታል። ፈረሱ ከሜዳው ያደርስሃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የክንድህና የልብህ ሥራ ነው ማለቱ ነው። መጽሐፈ ምሳሌም በ21ኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ለጦርነት ቀን የሚሰናዳውን ፈረስ ከድሉ ለይቶ ያየዋል። ተረቷን ከጦር ሜዳ አውጥተን ወደ ጽሑፍ ብንወስዳት ደግሞ ለዘመናችን ወጣት ደራሲ የምትለው አላት። በወለጋ፣ በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎ፣ በሻምቡ ወይም በኑኑ ቁምባ ሆኖ አጭር ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው የውድድር ማስታወቂያ ሲያይ ፈረስ ተጭኖ ቀርቦለታል ማለት ነው። ጥያቄው ፈረሱ እስከ የት ያደርሳል፣ ከየት ጀምሮስ ውጊያው የደራሲው ብቻ ይሆናል የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ውድድር ለደራሲ መልካም ፈረስ ቢሆንም ግብ ሊሆን አይችልም ብሎ ነው። ግብ በጸሐፊው እጅ ያለ ነገር መሆን አለበት፤ ሽልማት ግን ምንጊዜም በሌላ ሰው እጅ ነው።

መጀመሪያ «ያደርሳል» የሚለውን እንመርምር፤ ውድድርን የሚንቁ ሰዎች ይህን ግማሽ ይዘሉታልና። በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በየዓመቱ «የኮሌጅ ቀን» በሚባለው በዓል ላይ በግጥም ይወዳደሩ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ይገኙ ነበር። የታኅሣሡ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በከሸፈበት በዚያው በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ የተባለ ተማሪ «ደሃው ይናገራል» የተሰኘ ግጥሙን በዚህ መድረክ አነበበ። ያንን ግጥም በማስታወሻ ደብተሩ ይዞት ቢቀር ኖሮ የሚያውቁት የመኝታ ክፍል ጓደኞቹ ብቻ በሆኑ ነበር። ከንጉሡና ከመኳንንቱ ጆሮ ያደረሰው ውድድሩ ነው። ከደረሰ በኋላ ግን የተዋጋው ግጥሙ ነው፤ የተማሪዎች ንቅናቄ ታሪክ በተጻፈ ቁጥር የሚነሳው በያዘው ማዕረግ ሳይሆን በተናገረው ነገር ነው። ተረቷ እዚህ ላይ በሁለቱም እግሯ ቆማለች።

ሁለተኛው ማስረጃ የቅርብ ጊዜ ነው። ለአፍሪካ አጭር ልብ ወለድ በየዓመቱ 10,000 የእንግሊዝ ፓውንድ ሲሰጥ የቆየው የኬን ሽልማት ከተጀመረ ከሁለት አሥርት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለኢትዮጵያዊት ደራሲ ደረሰ። አሸናፊዋ አዲስ አበባ ተወልዳ በአሜሪካ ያደገችው ሜሮን ሐደሮ ናት፤ ድርሰቷ ጌቱ ስለሚባል የአዲስ አበባ ጎዳና ጠራጊ ወጣት ይተርካል። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ2019፣ በሌላ ድርሰት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች አንዷ ሆና ሳይቀናት ቀርቷል። ግቧ ሽልማቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ 2019 የሽንፈት ዓመት ተብሎ በተመዘገበ ነበር። ነገር ግን ሁለቱም ድርሰቶች እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው የአጫጭር ልብ ወለድ መድብሏ ውስጥ አብረው የተካተቱ ሥራዎች ናቸው። መድብል የሚሠራ ሰው አንዱ ድርሰት ሲወድቅ ሌላው በእጁ አለ። ሽልማት ብቻ የሚጠብቅ ሰው ግን ውጤቱ በተነገረ ማግስት ባዶ እጁን ነው።

እስከዚህ ድረስ ተረቷ ጸንታለች። ሆኖም እዚያው ወለጋ ውስጥ የሚቃወማት ታሪክ አለ። በ1874 ዓ.ም. በሆሮ ጉዱሩ፣ እምባቦ ላይ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሲዋጉ ለሸዋ ድል የራስ ጎበና ዳጬ ፈረሰኛ ጦር ዋነኛ ምክንያት እንደነበረ ይነገራል። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ተማረኩ። በዚያ ሜዳ ፈረስ አይዋጋም ብሎ መናገር ያስቸግራል፤ ያለ ፈረስ ውጊያው ሌላ ውጊያ በሆነ ነበር። የዘመኑ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ነው ጀግናን በፈረሱ ስም የሚጠሩት፤ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ ያሉት። ስለዚህ ተረቷ አንድ ማስተካከያ ትሻለች። ፈረስ ሰይፍ አይመዝም፤ ነገር ግን የት እንደምትዋጋና እንዴት እንደምትዋጋ ይወስናል። ማን ፈረስ ላይ እንደተቀመጠ ብቻ ሳይሆን ፈረሱ የትኛውን ሜዳ የለመደ እንደሆነ ማወቅም ግድ ነው።

ውድድርም እንዲሁ ነው፤ ገና ብዕር ሳይነሳ ድርሰቱን መቅረጽ ይጀምራል። የኬን ሽልማት በእንግሊዝኛ ታትሞ የሚነበብ አጭር ልብ ወለድ ይፈልጋል። ኮድ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት ሲያካሂደው የነበረው የበርት ሽልማት ለወጣቶች በእንግሊዝኛ የሚጻፉ መጻሕፍትን የሚያበረታታ ነበር፤ አሸናፊዎቹን አሳትሞ ለአንባቢ ማድረሱ ትልቅ ውለታ ቢሆንም ቋንቋውን አስቀድሞ የመረጠው ውድድሩ ነው። የኮመንዌልዝ የአጭር ልብ ወለድ ሽልማት ደግሞ ኢትዮጵያ የማኅበሩ አባል ስላልሆነች ለኢትዮጵያዊ ዜጋ ጭራሹን በሩ ዝግ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሚደረጉት ውድድሮች በብዛት አማርኛን ያስቀድማሉ። እንግዲህ አፉን በአፋን ኦሮሞ የፈታ፣ የገበያውን ጨዋታና የአያቱን ተረት በዚያ ቋንቋ የሚሰማ የኑኑ ቁምባ ወጣት ግቡን ከውድድር ማስታወቂያ ላይ ቢቀዳ ምን ይሆናል? ምን እንደሚጽፍ፣ በምን ቋንቋ እንደሚጽፍና ለማን እንደሚጽፍ ሌላ ሰው ይወስንለታል። ሊያሸንፍም ይችላል፤ ነገር ግን ሊሄድበት ካሰበው አገር ሌላ ቦታ ደርሶ ነው።

ግብ ከፈረስ መቅደም እንዳለበት ከዚሁ ከነቀምት የበለጠ ማስረጃ የሚሰጥ ከተማ የለም። በኢሉባቦር ተወልዶ በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠው፣ ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣው ኦነሲሞስ ነሲብ ለኦሮሞ ሕዝብ በቋንቋው የሚነበብ መጽሐፍ ማድረስን ዓላማው አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ በሱዳን በኩል ወደ ኦሮሞ ምድር ለመግባት ሞክሮ ሳይሳካለት ተመለሰ። ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ላይ ግን ሥራው አልቆመም፤ አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። በመካከሉ፣ በ1894፣ የፊደል መማሪያና የንባብ መጽሐፍ ወጣ። በዚህ ሥራ አብራው የደከመችው አስቴር ጋኖ እንደ እርሱ ከባርነት የወጣች ናት፤ ተረቶችን፣ ዘፈኖችንና ምሳሌዎችን ከትዝታዋ እየሰበሰበች በመቶዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎች አከማቸች። ሁለቱም በ1904 ነቀምት ገቡ። የሚያወዳድራቸው አልነበረም፤ የሚጽፉበት ቋንቋ ገና አንባቢ እንኳ አልነበረውም። አስቴር ዛሬ የወለጋ ልብ ወለድ ጸሐፊ የሚቀዳበትን የተረት ምንጭ በወረቀት ካስቀመጡት የመጀመሪያዎቹ አንዷ ናት። ፈረስ እስኪመጣ ቢጠብቁ ኖሮ ዛሬም በጠበቁ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላም በወለጋ፣ ጩታ የተወለደው ሰሎሞን ዴሬሳ በአማርኛ ግጥም ታሪክ ውስጥ ስሙን ያጸናው በ1963 ዓ.ም. ባሳተመው «ልጅነት» ነው፤ መጽሐፉ የተለመደውን የግጥም ቤት ያፈረሰ ስለነበረ በለመደ ዳኛ ዓይን የሚወደድ ዓይነት አልነበረም።

ታዲያ በእጅ ያለ ግብ ምን ዓይነት ነው? «ዘንድሮ አንደኛ እወጣለሁ» የሚለው አይደለም፤ አንደኛነት በዳኛው ምርጫና በሌሎች ተወዳዳሪዎች ብርታት የሚወሰን ነው። «እስከ ፋሲካ ሦስት አጫጭር ልብ ወለዶች ጨርሼ እያንዳንዳቸውን ሁለት ጊዜ አርማለሁ፤ አንዱን ጮክ ብዬ ለማያውቀኝ ሰው አነባለሁ» የሚለው ግን በእጅ ያለ ነው። የልዩነቱ ክብደት በችግር ጊዜ ይታያል። በ2012 ዓ.ም. አጋማሽ በምዕራብ ኦሮሚያ ለሦስት ወር ያህል ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ወቅት በኢሜይል የሚላክ ውድድር ቀነ ገደቡ ቢያልፍ ለወለጋ ጸሐፊ የሚራዘምለት አልነበረም። ግቡን በውድድሩ ላይ የሰቀለ ሰው ሦስት ወር ተቃጠለበት፤ ግቡን በገጽና በእርማት የለካ ሰው ግን መብራት ባይኖር በኩራዝም ይቀጥላል። ሌላ ምሳሌ ከውጭ አገር ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በአሜሪካ በኅዳር ወር 50,000 ቃል የመጻፍ ዘመቻ ነበረ፤ ዳኛ አልነበረውም፣ ቁጥሩን የሞላ ሁሉ አሸናፊ ይባል ነበር። ያዘጋጀው ድርጅት በ2025 ተዘጋ፤ ልማዱን የያዙት ግን ያለ ድርጅቱም ይጽፋሉ። ቁጥሩን እንዳለ መገልበጥ ግን ስህተት ነው፤ በእንግሊዝኛ አምስት ቃል የሚፈልገውን ሐሳብ አማርኛ በሁለት ሊጨርሰው ይችላል። ግብ በራስ ቋንቋና በራስ ጊዜ ይለካል።

እዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ ከባድ ነው። ሽልማትን እንደ ትንሽ ነገር ማየት የጠገበ ሰው ወግ ነው፤ ለገጠር ወረዳ መምህር ወይም ለሥራ ፈላጊ ተመራቂ የሽልማቱ ብር መጽሐፍ ማሳተሚያው ነው ይላሉ። እውነት ነው። ለዚያም ነው ፈረሱን ተው የማይባለው። ብሩን ማሰብ ነውር የለበትም፤ ጥፋቱ ብሩ ሲቀር ጽሑፉም ሲቀር ነው። በእጅ ያለ ግብ ያለው ሰው ከተሸነፈም በኋላ ያለቀና የታረመ ድርሰት አለው፤ ያንኑ ለሚቀጥለው ውድድር፣ ለመጽሔት ወይም ለመድብል ያውለዋል። ለድሃ ጸሐፊ ይህ ቅንጦት አይደለም፤ ድካሙ በአንድ ዳኛ ቃል እንዳይባክን የሚያደርግ ቁጠባ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሌላው ጎን ይመጣል። ዳኞች የሚያውቁትን ነው የሚመርጡት፣ ውድድር የከተማ ሰዎች ጨዋታ ነው፣ ታላላቆቹ ደራሲዎች ማመልከቻ አስገብተው አልከበሩም ይላል። የኋለኛው እውነትነት አለው። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ከአምቦ አጠገብ፣ ቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን እ.ኤ.አ. በ1966 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሲቀበል ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር፤ ነገር ግን ቴአትር መጻፍ የጀመረው በተማሪነቱ ነው። ሽልማቱ ሥራውን ተከትሎ መጣ። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግን «አትወዳደር» የሚል አይደለም። ጸጋዬም ቢሆን መድረክ አግኝቶ ነው የታየው፤ ከመንገድ ዳር ርቆ ያለ ጸሐፊ መድረክ የሚያገኝበት አንዱ በር ውድድር ነው። የዳኛ አድልዎ ካለም መልሱ ግቡን ከዳኛው እጅ ማውጣት ነው፤ ያኔ አድልዎው ሽልማቱን ይወስዳል እንጂ ጽሑፉን አይወስድም። ሳይወዳደሩ «ዳኛው ያዳላል» ማለት ደግሞ ያልጨረሱትን ድርሰት መደበቂያ ሲሆን ይታያል።

ሦስተኛው ጥያቄ ስውር ነው፤ ማሸነፍን ግብ ያላደረገ ሰው እንዴት ይበረታል? መልሱ ቀነ ገደብ ነው። ውድድር ለጸሐፊ የሚሰጠው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ከሽልማቱም ይበልጣል። ልብ ወለድ በባሕርይው አያልቅም፤ ሁልጊዜ የሚጨመር ዓረፍተ ነገር፣ የሚለወጥ መጨረሻ አለው። ቀኑ ሲደርስ ግን መላክ ግድ ነው፤ ለመላክ ደግሞ መጨረስ፣ ለመጨረስ መወሰን ያስፈልጋል። የገጽ ገደቡም ትርፍ ምዕራፎችን ያስቆርጣል፤ የማያውቁት ሰው እንደሚያነበው ማሰብም ለወዳጅ ብቻ የሚገባውን ፍንጭ ሁሉ ግልጽ እንዲያደርጉ ያስገድዳል። ሽልማቱ ለአንድ ሰው ሲደርስ ይህ ጥቅም ግን ለተወዳደረው ሁሉ ይደርሳል። ስለዚህ አስተዋይ ጸሐፊ የውድድሩን ቀን ይወስዳል፣ ዓላማውን ግን ከራሱ ያመጣል፤ ቋንቋውንና ጭብጡን የሚያስለውጠውን ውድድር ይተወዋል፣ ሊሄድበት ወዳሰበው የሚወስደውን ይመርጣል።

ተረቷ የምትናገረው ለተዋጊው ብቻ ነው፤ ፈረስ አርቢውን አታነሳም። የወለጋን ነገር ስናስብ ግን እርሱም መነሳት አለበት፤ ፈረስ በሌለበት አገር ጀግና ሁሉ በእግሩ ሄዶ ደክሞት ነው ሜዳ የሚደርሰው። በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ መምህራን አሉት፤ የከተሞቹ ትምህርት ቤቶችና ቤተ መጻሕፍትም አሉ። በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ በወረቀትም ሊቀርብ የሚችል፣ ከደምቢ ዶሎ እስከ ኑኑ ቁምባ ያለ ጸሐፊ የሚገባበት ዓመታዊ የአጭር ልብ ወለድ ውድድር ለማዘጋጀት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ነገር ብቻ ከሌሎቹ ይለየው፤ ላሸነፈው ከሚሰጠው ብር ላይ ቀንሶም ቢሆን፣ ለተሸነፈው ሁሉ ድርሰቱ የት ላይ እንደደከመ የሚገልጽ አንድ ገጽ አስተያየት ይጻፍለት። ገንዘቡ አንድን ሰው አንድ ጊዜ ይረዳል። አስተያየቱ ግን ሃምሳ ተሸናፊ ቢኖር ሃምሳውንም በሚቀጥለው ዓመት የተሻለ ድርሰት ይዞ እንዲመለስ ያደርጋል፤ ለአንድ አካባቢ ሥነ ጽሑፍ የሚበጀውም ብዙ ሰው እየተሻሻለ መመለሱ ነው።