ስማቸውን ማን ይጥራ?

ሙታን ባሉበት ዋሻ ማደር ነውር ነው? ጥያቄው የተነሣው መንዝ ጓሳ ላይ ድንኳን ተክለን ባደርንበት ምሽት ነው። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይበልጣል፤ ፀሐይ ስትገባ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ባና ተከናንበን እሳት እየሞቅን ሳለ አንዱ ወጣት «በሚቀጥለው ጉዟችን አመፀኛ ዋሻ ውስጥ ብናድርስ?» አለ። አብረውን የነበሩት አዛውንት ጥበቃ «ልጄ፣ እዚያ እኮ ባለቤቶች አሉ» አሉት።

አመፀኛ ዋሻ የሚባለው በሰሜን ሸዋ ዘረት ነው። በ1931 ዓ.ም. የአበበ አረጋይ አርበኞች ሴቱን፣ ሕፃኑን፣ ቁስለኛውን ይዘው ተጠግተውበት ነበር። የኢጣሊያ ጦር ከበባቸው፤ የሰናፍጭ ጋዝ ለቀቀባቸው፤ እጃቸውን የሰጡትንም ወንዶች ገደል አፋፍ ላይ ረሸናቸው። የዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 1 ቀን ነው፤ እልቂቱም በዚያው ሰሞን ሆነ። ሁዳዴን ጾመው ለትንሣኤ የደረሱ ሰዎች ነበሩ።

በ1998 ዓ.ም. ኢጣሊያዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ ዋሻውን ለዓለም አሳወቀ። ከእርሱ በኋላ የመጡት አርኪዮሎጂስቶች በዋሻው ውስጥ ከቀረው የሟቾቹ አፅም ሌላ ምድጃና የእህል ማስቀመጫ፣ የጥይት ቀለሀም አገኙ። እኔን ያባባኝ የእህሉ ማስቀመጫ ነው። እህሉን የሚያስቀምጥ ሰው ለከርሞ እደርሳለሁ ብሎ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ዋሻ ማደርን አትጠላም፤ ስንት ባሕታዊ የኖረው በዋሻ ነው። ከሙታን ጋር ማደርንም አትጠላም፤ ማሕሌት የምንቆመው ዙሪያውን መቃብር በከበበው ቅጥር ውስጥ ነው። በእኔ እምነት ነውሩ ሳይጸልዩላቸው ማደሩ ላይ ነው። የሞተ ወገን ፍትሐት ይገባዋል፣ ተዝካር ይገባዋል። ቤታቸው ገብተን ፎቶ አንስተን ስንወጣ ይህን ዕዳ ረስተነዋል።

ካህኑ ለፍትሐት የክርስትና ስም ይጠይቃል፤ የእነዚህን ስም ማን ይነግረዋል? የሚሉ አሉ። ይህን ምክንያት አልቀበለውም። ፈጣሪማ ስማቸውን ያውቃል። ስም የምንጠራው እኛ ሟቹ የማን ልጅ፣ የማን ዘመድ እንደሆነ እንዳንረሳ ነው። መንዝና መርሐቤቴ፣ ግሼም ውስጥ አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ በዚያ ዘመን በረሃ ወርዶ ያልተመለሰለት ቤተሰብ ስንት ነው! እነዚያ ቤተሰቦች ስም አላቸው። አፅሙ የግፉ ማስረጃ ነውና አይነካ ለሚሉትም፣ ማስረጃው ተጽፏል፣ ታትሟል እላለሁ። ጸሎት ደግሞ ከማስረጃው ላይ የሚያጎድለው ነገር የለም።

ወደ ዘረት የምትሄዱ ሁሉ፣ አደራ፦ ድንኳናችሁን ከዋሻው ራቅ አድርጋችሁ ትከሉ። ከመግባታችሁ በፊት የአጥቢያውን ካህን ጥሩ፣ ጸሎተ ፍትሐት ይድረስላቸው። ከአያቶቻችሁም መካከል በዚያ ዘመን የቀረ ካለ የክርስትና ስሙን ጠይቃችሁ ሂዱ።