እናቱ ገበያ የሄደችበት ልጅ

«እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ» ይላል ያገራችን ሰው። ብዙ ጊዜ የሚተረተው ለወቀሳ ነው። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ ሳለ ጣሪያው ያፈሰሰበት ጎረቤቱ ኡኡ ሲል፣ ሽማግሌው ይህን ተረት ጣል ያደርጋል። «ያንተ እናት ማታ ትመጣለች፤ ለቅሶህን መጥን» ማለቱ ነው።

ተረቱን ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ደጃፍ ስንወስደው ግን ወቀሳው ከአልቃሹ ወደ ሰሚው ይዞራል።

በየዓመቱ ብዙ ወጣቶች ወላጅ አልባ ሕፃናትን እንረዳለን ብለው ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካና ከአውስትራሊያ ወደ አፍሪካ ገጠር ይመጣሉ። በውጭ አገር የተወለዱ የእኛ ልጆችም እንዲህ ያለው ጥሪ ይደርሳቸዋል። የአብዛኞቹ ልብ ንጹሕ ነው። ከመኪና ሳይወርዱ ሕፃናቱ ይከቧቸዋል፤ አንዷ እጃቸውን ትይዛለች፣ አንዱ እግራቸው ላይ ይጠመጠማል። እንግዳው «ፍቅር እንዴት ቢርባቸው ነው!» ብሎ እንባው ይመጣል። በእናቱ እቅፍ ያደገ ሕፃን ግን እንግዳ ሲያይ ቀሚሷን ይዞ ከኋላዋ ይደበቃል። ያገኘውን ሁሉ የሚያቅፍ ሕፃን ብዙ ጊዜ ብዙዎች አቅፈው ትተውት የሄዱት ነው። እንግዳውም ከሁለት ሳምንት በኋላ ከእነዚያ አንዱ ይሆናል።

እንግዳው ሳያቅፍ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው አንድ ነገር ነበር፤ የዚህ ልጅ እናት የት ናት? በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች አቆጣጠር ከወላጆቹ አንዱን ብቻ ያጣ ልጅም ወላጅ አልባ ይባላል። የሕፃናት አድን ድርጅት ሴቭ ዘ ችልድረን እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳስታወቀው፣ በዓለም ላይ በማሳደጊያ ከሚኖሩ ልጆች ከአምስቱ ቢያንስ የአራቱ አባት ወይም እናት በሕይወት አሉ። አብዛኞቹ እንግዲህ በተረቱ አነጋገር እናታቸው ገበያ የሄደችባቸው ናቸው። የትምህርት ቤት ወጪ፣ የዕለት ጉርስ ወይም የልጁ አካል ጉዳት አቅቷት «እዚያ ይማርልኛል» ብላ የሰጠች እናት አለች። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ደላላ በትምህርት አማልሎ ልጆቹን ይወስዳል፤ አልጋው ሲሞላ የጎብኚውና የለጋሹ ገንዘብ ይመጣልና። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2018 የዘመናዊ ባርነት ሕግ ስታወጣ ይህን ንግድ ከባርነት ገጽታዎች አንዱ አድርጋ አይታዋለች።

ለንጽጽር ያህል፣ በሩዋንዳው የቮልካኖስ ብሔራዊ ፓርክ ጎሪላ ሊያይ ከአፍሪካ ውጭ የሚመጣ ጎብኚ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ 1,500 ዶላር ይከፍላል። በአንድ ቡድን ከ8 ጎብኚ በላይ አይገባም፤ ቆይታው 1 ሰዓት ብቻ ነው፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ወደ እንስሳቱ አይቀርብም። ተገቢ ጥንቃቄ ነው። በብዙ አገሮች ግን አንድ ወጣት ያለ ሙያ፣ ጠባዩና ያለፈ ታሪኩ ሳይጣራ፣ ስለከፈለ ብቻ ከሕፃናት ጋር ሲውልና ሲያድር ኖሯል። የልጅ ነገር ቢያንስ ይህን ያህል ጥንቃቄ አጥቶ መቆየቱ ያንገበግበኛል።

ሩዋንዳ ግን «እናቱ የት ናት?» ብላ እንደ አገር ጠይቃለች። ከ1994ቱ የዘር ጭፍጨፋ በኋላ እናቱ በእርግጥ የሞተችበት ልጅ ሞልቶባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 በተደረገ ጥናት በ33 ማሳደጊያዎች 3,323 ልጆችና ወጣቶች ተገኙ፤ መንግሥትም ወደ ቤተሰብ ሊመልሳቸው ወሰነ። ማኅበራዊ ሠራተኞች አባት፣ አያት፣ አክስት እያፈላለጉ ቤቱን አዩ፣ ልጁንም ቤተሰቡንም አዘጋጁ። ዘመድ ላልተገኘለት አሳዳጊ ቤተሰብ ተፈለገለት። በየመንደሩም አንዲት ሴትና አንድ ወንድ «የቤተሰብ ወዳጆች» ተብለው ያለ ደመወዝ ያገለግላሉ። በጎ ፈቃደኞች እነሱም ናቸው። ልጁ ዛሬ ትምህርት ቤት ለምን እንደቀረ የሚጠይቁት እነሱ ናቸው፤ ነገም እዚያው አሉ።

«እቤቱ የሚደበደብ፣ ዘመዱ የጣለው ልጅስ?» የሚል አይጠፋም። እንዲህ ያለው ልጅ አለ፤ ከለላም ያሻዋል። ግን እሱንም ቢሆን የሚጠግነው ስሙን የሚያውቅና አብሮት የሚቆይ ሰው ነው።

ስለዚህ ተረቱ ስለ ለቅሶው እውነቱን ተናግሯል። ለሕፃን የእናት መቅረት በሞትም ሆነ በገበያ ያው ነው፤ ልዩነቱን ማወቅ የሰሚው ዕዳ ነው። ተረቱ የጎደለው ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ ገበያ የሄደች ሁሉ ማታ ዘንቢሏን ይዛ ትመለሳለች ብሎ አስቧል። ድህነት መንገዱን ከዘጋባት ግን እሷም እንደሞተችው ትቀራለች። የሞተችውን መመለስ አይቻልም፤ የቀረችውን ግን ይቻላል።

ለመሄድ ሻንጣ የሚያዘጋጅ ወጣት ካለ፣ ለአውሮፕላን ቲኬት ያሰበውን ገንዘብ እናትየዋ ልጇን እቤቷ እንድታሳድግ ለሚደግፉ ሰዎች ይስጥ። ነርስ ወይም መምህር ከሆነም እዚያው ለሚኖሩ ባለሙያዎች ሙያውን ያካፍል። አገሩንም ይጎብኝ፤ መንደሩን ይይ፣ ከሰው ጋር ይጫወት። ልጁን የማቀፉን ነገር ግን አብሮት ለሚኖር ሰው ይተውለት።